በአጥሩ ቋሚ ላይ የተሣለችው ድመት

ቨርና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ብቻ ነበር። አባቷ ሥራ ፍለጋ በዕቃ ባቡር ተንጠልጥሎ ከሄደ ቆይቷል። ጎረቤቶቿም አንድ በአንድ ለቅቀው ሄደዋል። ስለዚህ ቨርና ከጥላዋ ጋር ትጫወታለች፤ ደመና ሲሆን ደግሞ ከማንም ጋር።

ዘመኑ ክፉ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መከሩና «ድህነት የሚመጣው ከስንፍና ነው» ብለው ወሰኑ። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ፤ ሽማግሌዎቹም ሁሉ በአንድ ቀን ሰነፉ። ሰው እየተራበ፣ በቆሎ ከድንጋይ ከሰል ስለረከሰ በየምድጃው ይነድ ነበር። ልጆች፣ ይህ ለምን እንደሆነ አሁን አይገባችሁም። ስታድጉም አይገባችሁም።

ከባቡር የሚወርዱ ሥራ ፈላጊዎች በቨርና ቤት አጥር ቋሚ ላይ በከሰል ድመት ሥለው ነበር። ድመት ማለት «እዚህ ደግ ሴት አለች» ማለት ነው። ውሻ ከተሣለ ግን «እለፍ፣ ትነከሳለህ» ነው። ታዲያ በራቸውን የሚያንኳኳ አይጠፋም። እናቷም ሰው በመጣ ቁጥር ድስቱ ላይ ውኃ ትጨምራለች።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ ሾርባ አይደለም። ቦሎቄ የታጠበበት ውኃ ነው!»

«ታዲያ ንጹሕ ነዋ! ጠጪው።»

ቨርናን ረሃቡ ፈተናት። እናቷ ልብስ ስታሰጣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወጣችና ድመቷን ፈግፍጋ አጠፋቻት።

ከዚያ ወዲያ ያንኳኳ የለም። ሾርባው ወፈረ። ቨርና ጠገበች። ቤቱ ግን ጭር አለ። እነዚያ ሰዎች ሲመጡ ይቀልዱ ነበር፤ አንዱማ ጆሮውን እንደ አህያ ያንቀሳቅስ ነበር። አሁን የሚሰማው ማንኪያና ነፋስ ብቻ ነው። እናቷ ለእንግዳ የምታኖረውን ሳህን «ዛሬም የለም?» እያለች ባዶውን ታነሣዋለች።

«እማዬ፣ አባዬ የት ነው የሚበላው?»

«ድመት ያለችበት ደጅ ነዋ» አለች እናቷ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

ቨርና ማንኪያዋን አስቀመጠች። እዚያ ደጅ ያለችው ልጅስ እርጥብ ጨርቅ ብታነሣ?

ሮጣ ወጣች። በከሰለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አዲስ ድመት ሣለች። ግን መሣል አትችልም ነበርና አፍንጫዋ ረዘመ። መንገደኞች ቋሚውን እያዩ ወደ ማዶ ተሻገሩ። በመጨረሻ አንድ ባርኔጣው የተጨማደደ ሽማግሌ ከሩቅ ቆሞ ተጣራ።

«አንቺ ልጅ፣ ውሻችሁ ታስሯል?»

«ውሻ የለንም፣ ጋሼ።»

«ይኼስ?»

«ድመት ናት!»

«ይቺ ድመት ከሆነች እኔም የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነኝ!»

ቨርና ማልቀስ ጀመረች። «የድሮዋን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ሾርባው ቀጠነብኛ!»

ሽማግሌው አልተቆጣም። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ረጅሙን አፍንጫ ጠረገ። ከዚያ ጢም ጨመረላት፤ ጆሮዋን አሾለ።

«አሁን ሚያው ትላለች» አለ።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። «ነይ እስቲ፣ አንቺ ሠዓሊ» አለች። «ውኃውን ዛሬ ራስሽ ጨምሪ።»

ቨርና ጨመረች። ሾርባው ቀጠነ፤ ሦስተኛው ሳህን ግን ሞላ።

አባቷ በዚያ ክረምት አልመጣም። ቨርና ግን ዝናብ ባባራ ቁጥር ቆረቆንዳዋን ይዛ ትወጣና የድመቷን ጢም ታደምቃለች።

ልጆቼ፣ ደጃችሁ የቆመውን እንግዳ አትመልሱ፤ የእናንተም ሰው በሌላ ደጅ ቆሞ ይሆናልና።