ለድመት «እኔን» ያለች

ይሄን የምጽፍላችሁ ከራሴ ፈጥሬ እንዳይመስላችሁ። ሴትየዋን በስሟ አውቃታለሁ፤ መኪናችንን ፓርክ የምናደርገው ጎን ለጎን ነው።

ደግሞ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ አላዝኖ ምናምን ብዬ አላስፈራራችሁም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ቦታው ዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት። ፀሐይዋ በመስኮቱ ወለል ብላ ገብታለች፣ ውጭ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ይመላለሳል።

በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ነው የሆነው...

ሰርካለም ትባላለች። ሥራዋ የታመሙ የቤት እንስሳትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ማስታመም ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ውሻ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ትሰጣለች፣ ስኳር ላለበት ድመት ኢንሱሊን ትወጋለች። ከሌክውድ እስከ አውሮራ የማታውቀው የታመመ ውሻ የለም። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ እነሱም እኮ ያማቸዋል አለችኝ።

እጇ ቀላል ነው። መርፌው መግባቱ እንኳን አይታወቅም።

አንድ አመል ብቻ አለባት። በወጋች ቁጥር «እኔን» ትላለች።

እርግጥ ሁላችንም እንላለን። ሰው ሲደናቀፍ፣ ልጅ ሲወድቅ፣ ሳናስበው ከአፋችን ያመልጣል። እኔን ይድፋኝ፣ እኔን ያርገኝ... ማን ቁም ነገር ብሎት ያውቃል? ቃሉ ሲፈታ ግን «አንተን ከሚያምህ እኔን ይመመኝ» ማለት ነው።

እሷ ለውሻም ትለዋለች። ለድመትም።

ጥር ላይ የምትሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ እየሄደች የምታስታምምበት አዲስ ቤት ሰጣት። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ብርቅነሽ ይባላሉ። ሰባን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ብዬ ነው። ለሥራቸውማ አንቺም ይበዛባቸዋል።

ያላቸው አንድ ድመት ነው፤ ሎሚ ይባላል። ስኳሩ አልወርድ ብሎ፣ ከስቶ፣ የኋላ እግሮቹ ዝለው ተረከዙ መሬት እየነካ ነበር የሚሄደው። ሐኪሙ ፋሲካን አይደርስም ብሏቸዋል።

ክሊኒኩ ከሰርካለም በፊት ሁለት አሜሪካውያን ልኮላቸው ነበር። ሁለቱንም መለሷቸው። ሐበሻ ካለ ላኩልኝ አሉ።

ሰርካለም ሰዎቹ ምን እንዳጠፉ ጠየቀቻቸው።

«እጃቸው ደህና ነው» አሏት። «አፋቸው ነው ዝም ያለው።»

የሚያጫውታቸው ሰው ፈልገው መሰላት። የዋህ ናት፣ አንጀቷን በሏት።

የሎሚን ጆሮ ጠርዝ በቀጭኗ መርፌ ነካ አድርጋ ጠብታ ደም ወሰደች። የስኳር መለኪያው ማሽን 512 አለ። የማጅራቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ አነሳችና ኢንሱሊኑን ወጋችው።

«እኔን» አለች፣ እንደ ልማዷ።

ወይዘሮ ብርቅነሽ የኩሽናው በር ላይ ተቀምጠዋል። መርፌውን አላዩትም። የሚያዩት አፏን ነበር።

ዓይናቸውን ጨፈኑና...

«አሜን» አሉ።

እስቲ አሁን «እኔን» ሲባል አሜን የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ሰርካለም ግን የእርጅና ነገር ነው ብላ አለፈችው።

መርፌውን ስትከድን የራሷን ጣት ወጋች። ደም ወጣ። በዚህ ጊዜ የኛ እናት ምን እንደምትል ታውቃላችሁ። ሴትየዋ ግን ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ። እንግሊዝኛ በቅጡ የማይችሉት ሴትዮ...

«ሶሪ» አሏት።

ከዚያ በኋላ በቀን ሁለቴ ሄደች፤ ጠዋት አንድ ሰዓትና ምሽት አንድ ሰዓት። የሎሚን ቁጥር ፍሪጁ ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ትጽፋለች። በወጋችው ቁጥር «እኔን» ትላለች፣ ኩሽናው በር ላይ «አሜን» ይባላል።

ቁጥሩ ወረደ። አራት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ... በወሩ ሎሚ ተረከዙን አንስቶ መራመድ ጀመረ። ክሊኒኩ አላመነም ነበር። በደንብ የታከመ ድመት አንዳንዴ ስኳሩ ጨርሶ ይጠፋለታል፣ ያለ ነገር ነው። ሰርካለም እንደ ልጅ ነው የፈነደቀችው።

ውሃ ጥሙ የጀመራት ያን ሰሞን ነው።

መጀመሪያ በዴንቨር ደረቅ አየር አመካኘች። ከዚያ ጋሎን ውሃ መኪናዋ ውስጥ ይዛ መዞር ጀመረች። ከዚያ ሱሪዋ ከወገቧ እየወረደ አስቸገራት። ዳይት ጀመርሽ እንዴ ብዬ ቀለድኩባት፣ አፌን ይቁረጠው።

አንድ ጠዋት ስታበጥር ማበጠሪያው ጆሮዋን ነካት። አመማት። ፀጉሯን ሰብስባ መስታወት ፊት ቆመች።

በጆሮዋ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀይ ነጥቦች ተደርድረዋል።

የመርፌ ቀዳዳዎች ናቸው። አንዱ ገና አልደረቀም...

ሐኪም ቤት ስትሄድ ስኳር ነው አሏት። ኪኒን ሰጧት፣ አልወርድ አለ። ኢንሱሊን ጨመሩላት፣ አሁንም አልወርድ አለ። ተረከዟ እየደነዘዘ መጣ፤ ደረጃ ስትወጣ እግሯን መጎተት ጀመረች። እሷም የሥራ ልማድ ሆኖባት የራሷን ቁጥር ቤቷ ፍሪጅ ላይ ትጽፋለች። 388። 402። 395። 441።

እነዚህን ቁጥሮች የሆነ ቦታ አይቻቸዋለሁ አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ብርቅነሽ ቤት ገብታ ፍሪጁ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ወደ ኋላ ገለጠች። ከሁሉም ሥር፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ በእጃቸው የጻፉት የታኅሣሥ ወረቀት አለ። ሎሚ እየባሰበት የሄደበት ወር ነው።

388። 402። 395። 441።

ቀጥሎ የተጻፈውን አየችው፤ 467 ይላል። ማሽኗን ከቦርሳዋ አወጣችና እዚያው ቆማ ጣቷን ወጋች።

467።

ሎሚ ከወለሉ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘለለ፤ ወገቡ ሞልቷል፣ ፀጉሩ ያበራል።

«እትዬ ብርቅነሽ... ይሄ ምንድን ነው?»

ሴትየዋ አልደነገጡም። ድመታቸውን አቀፉት።

«እኔ መቼ ለመንኩሽ? አንቺው ነሽ ያልሽው። በቀን ሁለቴ፣ ከልብሽ።»

ሰርካለም እንዴት እንደሚለቃት በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

«እንዴት ያዘሽ? እንደዚያው ነው የሚለቅሽ። የሚወድሽ ሰው ይበልልሽ።»

ቀስ ብለው ጨመሩ።

«ልጅ አለሽ አይደል?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ልጅ አላት። ሮሆቦት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ሰርካለም በዚህ ስንቴ አልቅሳለች መሰላችሁ። ያን ቀን ግን ልጄ አማርኛ ስላልቻለች ተመስገን አለች።

ቤት ገብታ አማርኛ ከለከለች። ቴሌቪዥን ላይ አማርኛ ከተሰማ ታጠፋለች። ባሏ ግዛው ያበደች መሰለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተናገሪ እያልሽ ስትጨቀጭቂያት ኖረሽ አሁን ምን መጣ ብሎ ተቆጣ። እሱ ራሱ አያሰጋም፤ ሰው ሲወድቅ «አይተሽ አትሄጂም?» ብሎ ነው የሚጮኸው። የግዛው ፍቅር መውጫው ቁጣ ነው።

ለእኔ ሁሉንም የነገረችኝ ፓርኪንጉ ውስጥ ነው። የመኪናዋን መስኮት ጣት የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ከፍታ ነው ያወራችኝ። ያቺን ቃል እንዳልል አስማለችኝ። ማልኩላት። እውነቱን ልናገር? ባታስምለኝም አልልም ነበር፣ ፈርቻለሁ።

ሮሆቦት ላይ አላደርገውም አለችኝ። እኔ ልሙት፣ እሷ ላይ አላደርገውም።

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል...

ከዚያ አንድ ነገር መጣላት። ቃሉ ሰው ሳያስበው ነው የሚያመልጠው። ወይዘሮ ብርቅነሽም ሐበሻ ናቸው፣ አፍ አላቸው። ዓይናቸው እያየ ክፉኛ ብትወድቅስ?

ኀሙስ ጠዋት ቁልፋቸውን ልመልስ ብላ ሄደች። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ የውጭው ደረጃ ብረት ነው፣ በረዶ ይዞታል። ቁልፉን ሰጠቻቸው። ሊሸኟት በሩ ላይ ቆሙ።

ላይኛው ደረጃ ላይ ሆን ብላ እግሯን ለቀቀች።

ታች ስትደርስ አጥንቷ ሲሰበር ሰምታዋለች። ቀና አለች። ወይዘሮ ብርቅነሽ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አፋቸው ተከፍቷል።

«እ...» አሉ።

ሰርካለም ሕመሙን ረሳችው። አፋቸውን ብቻ አየች።

«እ... እ...»

የሹራባቸውን እጅጌ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱና ነከሱት። ዓይናቸው እስኪያለቅስ ድረስ ነከሱት። ከዚያ ቀስ ብለው አወጡት። ፊታቸው ተረጋግቷል።

«ሶሪ» አሉና በሩን ዘጉ።

አምቡላንስ የጠራላት ምድር ቤት የሚኖር ሜክሲኳዊ ነው።

እኔ ሆስፒታል የደረስኩት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እግሯ ተሰቅሏል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አበባ ይዤላት ነበርና በብርጭቆ ማስቀመጫ ውሃ ሞልቼ መስኮቱ ሥር አኖርኩላት። ቁጭ ሳልል በሩ ተከፈተ። ግዛው ልጅቷን ከትምህርት ቤት ይዟት መጣ።

ሮሆቦት የተሰቀለውን እግር አየች። ቦርሳዋን ጣለችና ሮጣ መጥታ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እኔን፣ ማሚ» አለች።

ጥርት ባለ አማርኛ። ከልቧ።

ግዛው ሳቀ። ለካ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲያመጣት መኪና ውስጥ ሲያስተምራት ነው የከረመው። ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ ነው አለ። ሰው ሲያመው ምን እንደሚባል ነው ያስቀደምኩት፣ መጀመሪያ ደግነት ትማር ብዬ አለ።

ሰርካለም ምራቋን ስትውጥ አየኋት። ከሁለት ወር በኋላ አፏ ምራቅ ነበረው።

ነርሷ መጥታ ጣቷን ወጋቻት። ማሽኑ 96 አለ። አላመነችም፣ ደግማ ወጋቻት። 94። ግዛው ስልኩን ይዞ ለዘመድ ሊያበስር ኮሪደር ወጣ።

በኋላ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ደስ አለኝ አለችኝ። ልጄ እጄን ይዛ ቆማ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሮሆቦት የአልጋው ጎን ያለውን የውሃ ጆግ አንስታ ጠጣች። ጨረሰችው። በረዶውን ቆረጣጠመችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። አበቦቹን አንድ በአንድ አውጥታ በሥርዓት ብርድ ልብሱ ላይ ደረደረቻቸው። ማስቀመጫውን በሁለት እጇ አነሳችና ከነቅጠሉ ጠጣችው።

«ጠማኝ» አለች።

ይሄን እንኳ ግዛው አላስተማራትም። ድምጿ ሻካራ ነበር፣ የአሮጊት ሴት ዓይነት።

አንድ ቃል ነው። ሦስት ፊደል። ለሰው ድመት በቀን ሁለቴ ስትለው ኖራለች። እናት ናት፣ ያስማለችኝም እሷ ናት። ሰርካለም ከትራሷ ቀና አለች፣ አፏንም ከፈተች። በዓይኔ አይቻለሁ።

እጇ ተነስቶ አፏን ከደነው።

እኔ አላነሳሁትም ትላለች እስከ ዛሬ። በሌላኛው እጇ ስትታገለው ነበር፣ ያንንም አይቻለሁ። ልታወርደው ይሁን ልታጠብቀው ግን መለየት አልቻልኩም።

ሮሆቦት እናቷን ጠበቀች፣ ጠበቀች... ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ውሃው በአገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እንደ ልጄ ነው የምወዳት።

የእኔም እጅ አፌ ላይ ነበር። መቼ እንደተነሳ አላውቅም።