የታጠፈ ድምፅ

አቶ ኡርስ ብላይከር በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመናቸው አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ስለዚህ ፍሬኒ ሆስሊ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የምርጫ ድምፅ መስጫ ሳጥኖቹ የሚቀመጡበትን ክፍል ከፍታ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ስታያቸው፣ ቀድመዋት ገብተው እንቅልፍ የጣላቸው መሰላት።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ብላይከር?»

ጠጋ ብላ ትከሻቸውን ነካች። ከሸሚዙ ስር ያለው ገላ እንደ እንጨት ደርቋል። ሐኪም ልትጠራ ሮጠች።

የዓለም እግር ኳስን የሚገዛው ድርጅት አዲስ ፕሬዚዳንት የሚመርጠው በዚያው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እዚያው ዙሪክ ሐይቁ ዳር ባለው አዳራሽ ነበር። ከሁለት መቶ በላይ አገሮች መልእክተኞቻቸውን ልከዋል። አቶ ብላይከር የምርጫው ጸሐፊ ናቸው፤ ፍሬኒ ደግሞ የአሥራ ስምንት ዓመት ረዳታቸው። አቶ ብላይከር ጡረታ የሚወጡት በነጋታው ነበር።

ፍሬኒን ያስፈራት ግን ሬሳው ብቻ አይደለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ አቶ ብላይከር የታሸገ ፖስታ ሰጥተዋት ነበር። «ነገ ድምፅ መስጠቱ ሊጀመር ሲል ራሴ አነበዋለሁ» ብለዋት ነበር። «እስከዚያ እኔ ዘንድ ባይገኝ ይሻላል። በዚህ ቤት ላለ ሰው እንዳያሳዩ።» ያን ጊዜ የሽምግልና ጥርጣሬ ነው ብላ በልቧ ስቃባቸው ነበር። አሁን ፖስታው ከሹራቧ ስር ሆዷ ላይ ተለጥፏል። ሳቋም ጠፍቷል።

የአዳራሹ ሐኪም መጣና «ልባቸው ነው» አለ። ሕመማቸውን የማያውቅ አልነበረም። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር፤ ግን ሐኪሙ ከሄደ ገና አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሦስት ሰዎች እየተፈራረቁ ፍሬኒን ጥግ አስያዟት።

መጀመሪያ የጥበቃ ኃላፊዋ አኔሊስ ጊስለር መጣች። «አቶ ብላይከር እርስዎ ዘንድ የተዉት ወረቀት አለ?»

ቀጥሎ የጉባኤው ዳይሬክተር፣ ግዙፉ ቤልጂጋዊ ዲርክ ቫንሆቨ እንባውን እየጠረገ ደረሰ። «ፍሬኒዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ኡርስ አንድ ነገር አልሰጠሽም?»

በመጨረሻ የሕግ አማካሪው ዶክተር ካስፓር ቬትሽታይን በለሰለሰ ድምፅ ቀረባት። «ወይዘሮ ሆስሊ፣ ኡርስ ትቶት የሄደው ሰነድ ካለ ለእኔ ቢሰጡኝ ለእርስዎም ይበጅዎታል።»

ለሦስቱም «የለም» አለች። ሐኪሙ ልብ ነው ቢልም፣ ሦስቱም አንድ ወረቀት መፈለጋቸው አላማራትም። ከሦስቱ አንዱ ለወረቀቱ ሲል አቶ ብላይከርን ገድሎ ከሆነ፣ ፖስታውን የያዘ ሰው ዕድሜው አጭር ነው። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና ፖሊስ ደወለች።

የፖሊስ መርማሪዋ ኮሚሳር ሬጉላ ሽቱኪ በትራም መጣች። ዝናብ ያበሰበሰ ካፖርት የለበሰች፣ ቀጭን፣ ሽበቷን ለመደበቅ ያልደከመች ሴት ናት። ሬሳው ላይ ብዙ አልቆየችም፤ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የነጭ ወይን ጠርሙስ ግን ብርሃን ላይ ያዘችው።

«ከዚህ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ጎድሏል» አለች። «ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን አንድ ብርጭቆ ነው። ሰውየው ይጠጡ ነበር?»

«ሥራ ቦታ በጭራሽ» አለች ፍሬኒ። «ይሄ ወይን ከራሳቸው ማሳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ቆሟል።»

«ታዲያ ለማን ተከፈተ?»

ፍሬኒ ፊቷ ቀላ። «‹ጡረታዬ ሲደርስ ስሜን ለምሰጠው ሰው ነው የምከፍተው› ይሉ ነበር።» ከዚያ እውነቱን አወጣችው። «እኔ እሆናለሁ ብዬ ነበር።»

ኮሚሳሯ ወደ መደርደሪያው ሄደች። አምስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ አራቱ ተደፍተዋል፣ አንዱ ወደ ላይ አፉን ከፍቷል።

«እንዲህ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ሁሉንም ነው የምደፋው፤ አለዚያ አቧራ ይገባባቸዋል።»

«አንዱን ሌላ ሰው አጥቦ መልሶታል ማለት ነው።» በሩ ላይ ከተሰቀለው ኮት ኪስ የልብ መድኃኒት ጠብታ የሚያዝበት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። ባዶ ነው።

«ሰኞ ዕለት ነው የገዛሁላቸው!» አለች ፍሬኒ። «በቀን አምስት ጠብታ ብቻ ነው የሚወስዱት። ለወር የሚበቃ ነው!»

«ትናንት ሐሙስ አለቀ» አለች ሽቱኪ ብርጭቆውን እያሸተተች። «ወይኑ ውስጥ አልቋል። የዚህ ክፍል ቁልፍ ስንት ነው?»

«አምስት። የእሳቸው፣ የወይዘሮ ጊስለር፣ የአቶ ቫንሆቨ፣ የዶክተር ቬትሽታይን…» ፍሬኒ ምራቋን ዋጠች። «አምስተኛው የእኔ ነው።»

«ጥሩ፤ አልደበቁኝም። አሁን ሦስቱን አንድ በአንድ ስጠይቅ እዚህ አጠገቤ ይቀመጡ። ትናንት የሆነውንና ዛሬ የሚያወሩትን ያስተያዩልኝ።»

ጊስለር ቆማ መለሰች። «አቶ ብላይከርን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው የምርጫው ልምምድ ሲያበቃ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሐይቁ በኩል ያለውን በር ስጠብቅ ነበር።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«ወረቀቱን ለምን ፈለጉት?»

«ሰው ሲሞት ወረቀቱን የሚሰበስበው ጥበቃ ነው። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።»

ቫንሆቨ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ አቃሰተ። «ምስኪን ኡርስ! ስምንት ዓመት ሙሉ ሳቅፈው እንደ ግንድ ይገተር ነበር። ግን ይወደኝ ነበር፣ ሬጉላ።»

«ኮሚሳር ሽቱኪ ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ! እናንተ ሰዎች ስማችሁን ባንክ ነው እንዴ የምታስቀምጡት?»

«ከልምምዱ በኋላ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ። ስልክ ላይ። አንድ እጩ ያለቅስብኛል፣ ሌላው ይሰድበኛል።» ላቡን ጠረገ። «ኡርስ ዛሬ የሚያነበው ትእዛዝ አለ ብሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ ካላወቅሁ ጉባኤውን እንዴት ልምራ? ለዚህ ነው የጠየቅኋት።»

ቬትሽታይን ገብቶ እጁን ጭኑ ላይ አጋጥሞ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ልክን የጠበቀ ሐዘን አለ። «ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። ኡርስ ልቡ ደካማ ነበር፤ ዕረፍት ውሰድ ሲባል አይሰማም።»

«መቼ ተለያያችሁ?»

«ልምምዱ እንዳለቀ። በቀጥታ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

ፍሬኒን አንድ ነገር እንደ እሾህ ወጋት፤ ምን እንደሆነ ግን ልትይዘው አልቻለችም። ፍርሃት ማሰቢያ አይሰጥም።

ሰውየው ሲወጣ ሽቱኪ ዞር አለች። «በየሁለት ደቂቃው ሆድዎን ይዳስሳሉ፣ ወይዘሮ ሆስሊ። ሕመም ነው ወይስ ፖስታ?»

የፍሬኒ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «የሚገድሉኝ መስሎኝ ነው! እርስዎንም ገዝተዎት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አያውቁም» አለች ኮሚሳሯ በእርጋታ። «እንግዲያው አይስጡኝ። እርስዎ ራስዎ ይክፈቱትና ያንብቡልኝ።»

ፍሬኒ ፖስታውን ከፈተችው። የአቶ ብላይከር የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። መራጮች ወደ ምስጢራዊው ድምፅ መስጫ ክፍል ስልክ ይዘው መግባት ከተከለከሉ ወዲህ፣ ድምፁን የሸጠ ሰው ለገዢው ፎቶ አንስቶ ማሳየት አልቻለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተሸጠ ድምፅ የራሱ አስተጣጠፍ ተሰጠው፤ አንዱ ቀኝ ጥጉን ያጥፋል፣ ሌላው ግራውን፣ ሌላው ሁለት ጊዜ። ወረቀቱን የሚከፍተው ቆጣሪ ማን ቃሉን እንደጠበቀ በእጥፋቱ ያውቃል። አቶ ብላይከር ያለፈውን ምርጫ ወረቀቶች ከማኅደር አውጥተው ደርሰውበታል። ትእዛዛቸው አጭር ነበር፤ ዛሬ ማንም ወረቀቱን አያጥፍም፣ እንደተዘረጋ አንድ ዓይነት ፖስታ ውስጥ ይገባል። ከታች አንድ መስመር አለ፦ «ወረቀት የምንከፍተው ሦስት ነን። አንዱ እኔ ነኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«አቶ ቫንሆቨና ዶክተር ቬትሽታይን።»

«ከሁለቱ አንዱን ጠረጠሩ፤ አንዱን አመኑ» አለች ሽቱኪ። «ያመኑትን ሰው ነው ወይን የጋበዙት። የትናንቱ ልምምድ ድምፅ ተቀድቷል?»

«ማይክሮፎኑ ሲፈተሽ ሁሌም ይቀዳል።»

«ያምጡልኝ።»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉም በዚያች ጠባብ ክፍል ተሰበሰቡ። ከግድግዳው ወዲያ አዳራሹ እየሞላ ነው፤ የብዙ ቋንቋ ሁካታ ይሰማል። ፍሬኒ መቀመጫ ስለጠበበ ከቬትሽታይን ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆና ተቀመጠች።

«አቶ ብላይከር በልብ ድካም አልሞቱም» አለች ሽቱኪ። «የወር መድኃኒታቸው ወይናቸው ውስጥ ተንቆርቁሯል። አብሯቸው የጠጣው ሰው ብርጭቆውን አጥቦ መልሶታል፤ ግን ወይዘሮ ሆስሊ በሚያስቀምጡበት መንገድ አይደለም። ታዲያ ሥራ ቦታ የማይጠጡ ሰው ለምን ጠጡ?»

ቫንሆቨ ትከሻውን ሰበቀ። «ሰው ይጠማል።»

«አቶ ቫንሆቨ፣ እርስዎ ያዩትን ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ስሙ ይጠራሉ። እንግዳ ነዎት፣ ይቅር ብለንዎታል። እኛ ዘንድ ግን ሃያ ዓመት አብረን ሠርተን እንኳ በቤተሰብ ስም ነው የምንጠራራው። በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ቀን ወይን ይከፍትና ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ ብርጭቆ አጋጭተው፣ ‹እኔ ኡርስ ነኝ› ይላል። ከዚያ በኋላ ወደ ‹አቶ› መመለስ ነውር ነው፤ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ይህ ጠርሙስ ለዚያ የተቀመጠ ነበር።»

ፍሬኒ የወጋት እሾህ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ከጎኗ ያለው ትከሻ ሲጠነክር ተሰማት። መራቅ ፈለገች፤ ቦታ ግን አልነበረም።

«ወይዘሮ ጊስለር ዛሬም ‹አቶ ብላይከር› ነው ያሉኝ። አቶ ቫንሆቨ ከስምንት ዓመት ጀምሮ ‹ኡርስ› ነው የሚሉት። ዶክተር ቬትሽታይን፣ እርስዎም ዛሬ ‹ኡርስ› ብለውኛል። ስማቸውን መቼ ሰጡዎት?»

«ኧረ ብዙ ዓመት ሆነው» አለ ቬትሽታይን ፈገግ ብሎ።

ሽቱኪ መቅጃውን ከፈተች። የራሱ የቬትሽታይን ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «አቶ ብላይከር፣ ሦስተኛውን ሳጥን ቢያስጠጉልኝ?»

«ይህ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው» አለች ሽቱኪ።

«በሥራ ላይ… ሰው ፊት ስለነበርን ነው።»

«ሰው ፊት ወደ ‹አቶ› መመለስ? እርስዎ የዚሁ አገር ሰው፣ የባዝል ከተማ ልጅ ሆነው?» ራሷን ነቀነቀች። «ስሙን ያገኙት ከልምምዱ በኋላ ነው። ከልምምዱ በኋላ ግን አላየኋቸውም ብለዋል። አስታውሱ፣ ወይኑ ሳይጠጣ ስሙ አይሰጥም። ብላይከር ቫንሆቨን ጠረጠሩ፤ እርስዎን አመኑ። ያገኙትን ሁሉ ነገሩዎት፣ ስማቸውንም ጨመሩልዎት። እጥፋቱን የሚያነበው ቆጣሪ ግን እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ደግሞ ሰውየውን ገደሉ እንጂ ጨዋነትዎን መግደል አልቻሉም።»

«እኔን?» አለ ቫንሆቨ፤ ድምፁ ተሰበረ። «እኔን ነው የጠረጠረው?»

ጊስለር በሩ ላይ ቆመች። ቬትሽታይን የኮቱን እጅጌ አስተካከለ። ከዚያ ያለ ቁጣ ተናገረ። «የምርጫ ደንቡ አንቀጽ አሥራ ሁለት። የምርጫ ትእዛዝ ጸሐፊው ራሱ ካላነበበው፣ ጉባኤው ካላጸደቀው በቀር ዋጋ የለውም። ኡርስ ደግሞ አያነብም።»

ሁለት ፖሊሶች በጓሮ በር ይዘውት ሄዱ።

«ያንብቡት» አለች ሽቱኪ ለፍሬኒ። «እኔ ከጎንዎ እቆማለሁ።»

ፍሬኒ መድረኩ ላይ ወጥታ በሚሰበር ድምፅ አነበበች፦ የአቶ ብላይከርን መገደል፣ የተያዘውን ሰው፣ የእጥፋቱን ምስጢር፣ ትእዛዙን። የጉባኤው ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠረገና ለሟቹ የአንድ ደቂቃ ጸሎት ጠየቀ፤ ሁሉም ተነሥተው አንገታቸውን ደፉ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ፍሬኒም ልቧ ትንሽ አረፈ።

«እንግዲህ በአንቀጽ አሥራ ሁለት መሠረት» አለ ሰብሳቢው ሁሉም ሲቀመጡ፣ «ወረቀት ሳይታጠፍ ይግባ የሚለውን አዲስ ትእዛዝ የምትቃወሙ እጅ አውጡ።»

መጀመሪያ አንድ እጅ ከፊት ወጣ። ቀጥሎ መሃል ላይ ሦስት። ከዚያ መስመሩ ሁሉ፣ ቀስ በቀስ፣ ማንም ማንንም ሳያይ ተነሣ፤ አሁን ያለቀሱትም እጃቸውን አነሡ። አንዱ በሌላ እጁ ገና ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

ፍሬኒ ወደ ሽቱኪ ዞረች።

«እጅ ማውጣት ወንጀል አይደለም» አለች ኮሚሳሯ በሹክሹክታ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷም ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

ጠዋት ከሬሳው ጋር ብቻዋን ስትሆን፣ ቅድም ከገዳዩ ጎን ስትቀመጥ፣ ፍሬኒ እንዲህ አልፈራችም ነበር።

«ወይዘሮ ሆስሊ» አለ ሰብሳቢው፣ «ጸሐፊ ስለሌለን እርስዎ ይቁጠሩልን።»

እጆቹ እሷን ይጠብቃሉ። ፍሬኒ ጣቷን አንሥታ፣ «አንድ» ብላ ጀመረች።