ያልተጣመመው መስመር

ምናለ ወለላን ያወቃት ወደ አዘዞ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የብራና ጥቅል ታቅፋ ነበር። ጉልበቱ ሲነካው «ቀስ በል፤ የአባቴ እንጀራ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ሥራ የሌለው ይመስል በዚያው መስመር ይመላለስ ጀመር።

እሱ ሃንጋሪ ስምንት ዓመት ተምሮ የተመለሰ የዓይን ሐኪም ነው። ጎንደር ከገባ ዓመት ቢሞላውም ሻንጣውን አራግፎ አልጨረሰም። ከእሷ ጋር ሲሆን ግን መቅረት ያምረው ነበር።

አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ብራና ላይ መጽሐፍ በእጃቸው የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። እሳቸው ከመጻፋቸው በፊት ብራናውን በወስፌ የምታሰምረው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ወለላ ናት።

በኅዳር አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። አባቷ መስመርሽ ተጣሟል ብለው ብራናውን መልሰውባታል። ልብሽ የት ሄዶ ነው እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ብለውም ተቆጥተዋታል።

«አንተ ነህ ያበላሸኸኝ» አለችው፣ ሳቋን እየዋጠች።

ምናለ ደስ አለው። ጣቶቿን ይዞ አንድ በአንድ አገላበጣቸው፤ የዓይን ሐኪሙ የእጅ ሐኪም ሆነ ብላ ቀለደችበት። ብራናውን ግን አሳዪኝ አላላትም።

መሪጌታ ብራና መመለሱን አላቆሙም። በመጨረሻ ማስመሩን ከለከሏት፤ ምናለን ማየትም ጭምር። ወለላ ተደብቃ ትመጣ ነበር፤ በመጣች ቁጥር ከስታ።

ከፋሲካ በኋላ ምናለ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ራሱ ሊለምናቸው ሄደ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። እጅ ሲነሳቸው ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ ከጆሮው አጠገብ ያለውን ባዶ አየር አዩ።

«የኔታ፣ የት ነው የሚያዩት?»

«አንተኑ ነው። ቀጥ ብዬ ሳይህ መሃልህ ይጠፋል።»

ምናለ የኅዳሩ ነገር ትዝ አለው። የተመለሱትን ብራናዎች አስመጥቶ ማስመሪያ አስደገፈባቸው። አንድም የተጣመመ አልነበረም።

በማግስቱ መሪጌታን ክሊኒኩ አስመጥቶ መረመራቸው። ለማንበብና ፊት ለመለየት የምታገለግለው የዓይን መሃለኛ ቦታ በዕድሜ ታረጃለች፤ ከሥሯ ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ሲያፈሱ ቀጥ ያለው ነገር ይጣመማል። ያን ጊዜ ቢደረስበት ዓይን ውስጥ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ይገታው ነበር። የግራው ሳያስታውቅ ቀድሞ ጠፍቷል፤ በኅዳር የቀረው የቀኙ ነበር። አሁን እሱም ጠባሳ ሆኗል። ዙሪያው ይቀራል፣ መሃሉ አይመለስም።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን በእጃቸው ፈልገው፣ ይቅር በዪኝ አሏት።

ውጭ ሲወጡ ወለላ ቆመች።

«ኅዳር ላይ ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«አታውቀውም ነበር?»

«መጀመሪያ የሚያስተምሩን ይህን ምልክት ነው» አለ። «ፍቅር መሰለኝ።»

«እኔም መስሎኝ ነበር።»

ሽማግሌ እንዳይልክ ነገረችው። አባቷ እሺ ይላሉ፤ እሷ ግን እጇን በያዛት ቁጥር ኅዳር እየመጣባት እንዴት ትኑር? አባቷን በክንዳቸው ደግፋ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ምናለ አልተከተላትም።

ከተመለሱት ብራናዎች አንዱ እሱ ዘንድ ቀርቷል። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። በዕድሜ የገፉ ታካሚ በመጡ ቁጥር፣ ምን አመመዎት ከማለቱ በፊት፣ አንድ ዓይናቸውን አስሸፍኖ መስመሩን ያሳያቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ከድብ ባሕር የመጡ አንድ ገበሬ ብራናውን ትኩር ብለው አዩት።

«ቀጥ ያለ ነው። ምነው፣ የማን እጅ ነው እንዲህ ሸጋ አድርጎ ያሰመረው?»

ምናለ የብራናውን ጠርዝ በጣቱ አቃና።

«ያልተንቀጠቀጠ እጅ ነው፣ አያ» አለ። «አሁን ደግሞ ሌላኛውን ይሸፍኑ።»