የቀኝ ወንበሩ እንግዳ

የከፍታ መለኪያውን ቁጥሮች በቀጭን ብሩሽ እየቀባሁ ነበር። ስምንት ቁጥር ላይ ደርሻለሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል ነው። ማታ አልነበረም፤ መብራትም አልጠፋም። ውጭ ፀሐይ ነው። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ይሰማል።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ «ጨለማ አስፈራርቷት ነው» እንዳትሉኝ ነው። የሆነው ሁሉ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር... ግን ዓይኔ አይቷል። አፌም ቀምሷል።

ፍዮሪ እባላለሁ። ፒያሳ ውስጥ አንድ ማህተም ቅርጽና ታፔላ ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ ትንንሽ ፊደል መቅረጽ ነው። ሰው ማናገር አይሆንልኝም፤ እጄ ግን አይስትም።

ታላቅ ወንድሜ ፍትዊ የፈለገኝም ለዚህ ነው።

ፍትዊ አብራሪ መሆን ፈልጎ ዓይኑ አልፈቀደለትም። ስለዚህ ግቢያችን ካሉት ሰርቪስ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የራሱን አውሮፕላን ሠራ። ሙሉውን አይደለም፤ አፍንጫውን ብቻ... አብራሪዎቹ የሚቀመጡበትን ክፍል። አያቶቻችን የተሳፈሩበት ዓይነት፣ ባለ ሁለት ፕሮፔለር ዳኮታ።

ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ነው። መስኮቱ ሦስት የኮምፒውተር ስክሪን። ጌጆቹ፣ መለኪያዎቹ ሁሉ፣ የእኔ የእጅ ሥራ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስክሪኖቹ ላይ ሰማይ ይመጣል፤ መሪውን ስታዞሩት ሰማዩ ያዘነብላል።

ሁለት ዓመት ፈጀበት። በመጨረሻ የቀረው ወንበር ብቻ ነበር።

ወንበሮቹን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከእትዬ ሸፊቃ ገዛ። ከእውነተኛ አውሮፕላን የወጡ ናቸው አሉት። ሁለት ናቸው፤ ግራው የዋናው አብራሪ፣ ቀኙ የረዳቱ።

«ልጠባቸው?» አልኩት ሲመጡ።

«እንዳትነኪያቸው። ላቡ ራሱ ኦሪጅናል ነው ፍዮ። ታሪክ በኦሞ ይታጠባል እንዴ?»

ግራው አቧራ አቧራ ይሸታል። ቀኙ ግን... ጠዋት ሳይጉመጠመጥ የሚያዛጋ ሰው አፍ ይሸታል። ቆዳው ሁልጊዜ ይሞቃል፤ ሰው አሁን የተነሳበት ይመስላል። አንድ ጊዜ ተቀምጬበት ቀሚሴ ከኋላ ረጥቦ ተነሳሁ።

ያን ቀን ፍትዊ ወደ ጎሬ እየበረረ ነበር። በስክሪንም ቢሆን መንገዱን አያሳጥርም፤ ዳኮታ የሚፈጅበትን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ምሳውን እዚያው ይበላል። ሳህኑ ጭኑ ላይ፣ ግራ እጁ መሪው ላይ። ሽሮ ነበር።

እኔ ከኋላው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እቀባለሁ።

«እንብላ» አለ።

«በልቻለሁ» አልኩት ቀና ሳልል።

«አንቺን አይደለም።»

ብሩሼ ቆመ።

«ታዲያ ማንን ነው?»

«እንጃ... ሰው የገባ መሰለኝ። አፌ ቀደመኝ።»

ታውቁታላችሁ። እየበላን ሰው ከመጣ «እንብላ» እንላለን። ማን እንደሆነ እንኳ ሳናይ ነው የምንለው። የመጣውም «ጠግቤያለሁ፣ ብሉ» ይላል። ነገሩ በዚያው ያልቃል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ግን «ጠግቤያለሁ» ያለ የለም።

ፍትዊ ሳቀ። የአራዳ ልጅ አይደል፤ ያስደነገጠውን ነገር ሁሉ መቀለጃ ያደርገዋል። አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋ።

«ረዳት፣ ይጉረሱ እንጂ። በሞቴ።»

ጉርሻውን የወንበሩ እጅ ማሳረፊያ ላይ አስቀመጠው።

ስምንቱን ጨርሼ ቀና ስል... ጉርሻው አልነበረም።

«አይጥ ነው» ተባባልን። ፒያሳ ውስጥ አይጥ እንደ ቤት ልጅ ነው።

በማግስቱ የቀኙ መሪ ላይ ቅባት አገኘሁ። የሽሮ ዘይት። አምስት ጣት ታትሟል፤ አውራ ጣቱ የፍትዊን እጥፍ ይሰፋል። በአልኮል ጠረግኩት።

በሦስተኛው ቀን የቀኙ ማዳመጫ ስፖንጅ ረጠበ። ጣቴን ሳሳርፍበት ተጣበቀብኝ። ቢጫ ነው... የጆሮ ኩክ። ትኩስ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፤ ሽታው ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም።

ሳምንት ሲሞላ የሞተር ማንሻዎቹ ሥር አንድ ድብልብል ነገር አየሁ። የደረቀ ቀለም መስሎኝ አነሳሁት።

ለስለስ አለብኝ።

የታኘከ እንጀራ ነበር። ለብ ያለ። ስጎትተው የምራቅ ክር አብሮ ተሳበ... አልበጠስም አለ። ጥርስ ያረፈበት ቦታ ይታያል። ብዙ ጥርስ። ሰው ካለው የሚበዛ ጥርስ።

መዳፌ ላይ አድርጌ ለፍትዊ አሳየሁት።

«ወድቆበት ነው» አለ በቀስታ። «ይቅርታ ጠይቋል።»

«ማን?»

ከፍታ መለኪያውን አየ፤ መሪውን ትንሽ ገፋ።

እናታችንን አደይ ነው የምንላት። ከትግራይ ከመጣች አርባ ዓመቷ ነው፤ አደይ መባሉ ግን አልቀረላትም። በቤታችን በየራሱ ሳህን የሚበላ የለም፤ አንድ ትሪ ነው። የፍትዊ ቦታ ግን ባዶ መሆን ከጀመረ ሁለት ሳምንት አለፈው። ሲጠሩት «ጠግቤያለሁ» ይላል። ጉንጩ ገብቷል። ሱሪው በቀበቶ ጉልበት ነው የሚቆመው።

አንድ ቀን አደይ እንጀራ ስታጥፍ እጇ ቆመ።

«ፍዮሪ... ልጄ እየሟሸሸብኝ ነው። ምን እንደያዘው አልጠይቅሽም። ወደ ማዕዱ ብቻ መልሺልኝ።»

«እሺ አደይ።»

«እሺ አትበይኝ። መልሺልኝ።»

በማግስቱ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ ካፌ ወሰድኩት። ማኪያቶ አዘዝኩለት፣ ኬክም ጨመርኩ።

«ምነው፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ?» አለ። ቀልዱ አልጠፋም። ትንሽ ደስ አለኝ።

ኬኩን ቆርሶ አፉ ውስጥ አደረገ። አገጩ አልተንቀሳቀሰም። እንደዚያው ይዞት ተቀመጠ... ከዚያ ማኪያቶውን ጠጣበት። ከዚያ ሁለቱም፣ ኬኩም ማኪያቶውም፣ ቀስ ብለው ተመልሰው ወደ ብርጭቆው ወረዱ።

«ማኘክ ይደክመኛል» አለ። አፉን በሶፍት ጠረገ። «ተለመደብኝ።»

ምን እንደተለመደበት ያየሁት ሰኞ ዕለት ነው።

ምሳውን ቀድሞ ወስዶ ነበር፤ እኔ ጭማሪ በምሳ ዕቃ ይዤለት ሄድኩ። ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ። በኮምፔርሳቶው ስንጥቅ አሾለቅኩ።

ፍትዊ ደመና ውስጥ ነው። ስክሪኖቹ ነጭ ናቸው። ሁለት እጆቹ መሪው ላይ፣ ዓይኖቹ ጌጆቹ ላይ።

ዓይኖቹን ከጌጆቹ ሳይነቅል... አፉን ወደ ቀኝ ከፈተ።

ሰፋ አድርጎ። እንደ ሕፃን።

ጠበቀ።

ከንፈሩ በጎንና በጎን ተለጠጠ፤ ሰፊ ነገር የገባበት ያህል። ጉንጩ አበጠ። አላኘከም። ዋጠው። አገጩ ላይ ቢጫ ውሃ ወረደ።

«በቃኝ» ሲል ሰማሁት። በሹክሹክታ። «ኧረ በቃኝ... ‹በሞቴ› አይበሉኝ እንጂ... እሺ። አንድ ብቻ።»

አፉን እንደገና ከፈተ።

ምሳ ዕቃው ከእጄ ወደቀ። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«ማነው እሱ?»

«ቀስ በይ። ይሰማል።»

«ወንበሩ ባዶ ነው ፍትዊ።»

«ባዶ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ትንፋሹ መጣብኝ። የወንበሩ ሽታ ነው።

«ምንድነው የሚያጎርስህ?»

ወንድሜ አፈረ። ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምሳዬን ነው... አኝኮ ነው የሚሰጠኝ።»

አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

«እምቢ በለዋ።»

«እኔ እኮ ነኝ የጠራሁት ፍዮ። ራስሽ ጠርተሽ የእንግዳ እጅ ትመልሻለሽ?»

ግቢው ጥግ ሄጄ አስመለስኩ። ሆዴ ባዶ እስኪሆን። ከዚያ እትዬ ሸፊቃ ጋ ደወልኩ።

«ወንበሩን ልመልስልዎት።»

«አይ ልጄ፣ የተሸጠ አይመለስም። ምን ጎደለው?»

«የጎደለው የለም። ትርፍ ነገር ነው ያለው።»

ሳቁ። የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ።

«ላዩ ላይ በላ?»

«ጎኑ ቁጭ ብሎ በላ።»

«እንብላ አለ?»

«...አዎ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ወንበር ነው የሸጥኩት፣ ሰው አልሸጥኩም» አሉ። «የጠራችሁት እናንተ። ጠርታችሁ ማዕዱን ሳታነሱ፣ እጁን ሳታስታጥቡ... ታዲያ እንዴት ብሎ ይሂድ?»

ስልኩ ተዘጋ።

ከቤት ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዤ ተመለስኩ። ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው።

እትዬ ሸፊቃ ያሉትን ስነግረው ፍትዊ አሁንም መሪውን ይዟል።

«ሳላርፍ አልነሳም» አለ። «ከነሰው አየር ላይ ጥዬ አልወርድም።»

ጠበቅሁት። ጎሬ ላይ አረፈ። ሞተሮቹን አንድ በአንድ አጠፋ። ስክሪኑ ላይ ፕሮፔለሮቹ እየዘገዩ ቆሙ።

«እንግዲህ... ማዕዱ ተነሳ» አለ። ወደ ቀኙ አላየም።

ጎንበስ ብዬ ማስታጠቢያውን ባዶው ወንበር ፊት ያዝኩ። ውሃውን አፈሰስኩ።

ውሃው ቀጥ ብሎ አልወረደም።

አየር ላይ ቆመ። ተጠራቀመ። ከዚያ በጣቶች መካከል እንደሚያልፍ ተከፋፍሎ፣ ቀስ እያለ ወረደ።

ማስታጠቢያው ላይ ሲደርስ ውሃነቱ ቀርቷል። ወፍራም ነው። ቅባት፣ የምራቅ አረፋ፣ የጥፍር ቁራጭ፣ ረጅም ሽበት። ይሞቃል። እንፋሎቱ አፌ ውስጥ ገባ። ፊቴን ላዞር ፈለግኩ... ግን እያስታጠቡ ፊት ማዞር ነውር ነው። አላዞርኩም።

ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ፎጣው ከትከሻዬ ተሳበ። አየር ላይ ተጨማደደ። ወለሉ ላይ ወደቀ።

ከዚያ የወንበሩ ስፖንጅ... ቀስ ብሎ ተነፋ። ከባድ ሰው የተነሳለት ይመስል።

አራቱን ብሎኖች የዚያኑ ቀን ፈታሁ። ወንበሩን በራችን ላይ ላለፈው ቆራሌው በነፃ ሰጠሁት።

እሑድ ምሳ ላይ ፍትዊ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ቆረሰ። አኘከ። ዋጠ። እኛም ሰማነው፤ ሲውጥ። አደይ ከትሪው በታች እጄን ያዘችው፤ አጥብቃ። ምስጋናዋ ነው።

«ወጥ ልጨምርላችሁ» ብላ ተነሳች። ጀርባዋን ሰጠችን።

ፍትዊ ማኘኩን አቆመ።

ጣቶቹን አፉ ውስጥ አስገባ። ያኘከውን አወጣ። አድበለበለው... በጥንቃቄ፣ ዙሪያውን እያስተካከለ። ከዚያ ግራ እጁን ከቀኝ ክንዱ ሥር ደግፎ፣ በአክብሮት ዘረጋልኝ።

«በሞቴ» አለኝ።

እየቀለደ አልነበረም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

አደይ ድስቱን ይዛ ተመለሰች። ያየችው የተዘረጋውን እጅ ብቻ ነው። ፊቷ በራ።

«ጉረሺ እንጂ፣ ወንድምሽ ነው።»

እምቢ ብል ምን እንደሚሆን ከዓይኑ አነበብኩ። እጁን ይሰበስባል። ይነሳል። ወደዚህ ትሪ ሁለተኛ አይመለስም።

አፌን ከፈትኩ።

ከእሳት ከወረደ ወጥ፣ ከወንድሜ አፍ የወጣ ነገር ነው። ግን በረዶ ነበር። ጥርሴን ጠዘጠዘኝ። ምላሴ ላይ ትንሽ ተላወሰ... ዋጥኩት።

«የእኔ ልጆች» አለች አደይ።

ፍትዊ ሌላ ቆረሰ። ይህን ራሱ አኝኮ ራሱ ዋጠው። ከዚያም ሌላ። ትሪው ባዶ እስኪሆን በላ።

ማዕዱን አነሳሁ። እጃቸውን አስታጠብኩ፤ መጀመሪያ የእሷን፣ ቀጥሎ የእሱን። ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ።

ወጥ ቤት ገብቼ ትሪውን አጠብኩ። በመስኮቱ የእኩለ ቀን ፀሐይ ይገባል፤ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ በጨርቅ ስወለውለው ትንፋሼ ትሪው ላይ አረፈ።

ያረፈበት ቦታ ነጭ ሆነ። ስስ በረዶ። ከወንድሜ የወጣው አሁን እኔ ጋ ነው።

ጠረግኩት። አደረቅኩት። መደርደሪያው ላይ ደፋሁት።