በሳንቲሙ ላይ የቀረው አሻራ

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው ራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ...

እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሰዓት ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሥራዬ ለሰብሳቢዎች ሳንቲም መመርመር ነው። ገበያ ያልወጡ፣ ከማተሚያው እንደወጡ የተቀመጡ ሳንቲሞች ይመጡልኛል። በማጉያ መነጽር አይቼ ከስልሳ እስከ ሰባ ነጥብ እሰጣለሁ። ሰባ ማለት እንከን አይወጣለትም ማለት ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሰባ የሰጠሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ሳንቲም በባዶ እጅ አይነካም። የጣት ወዝ ብረቱን ይበላዋል። አሻራ አንዴ ካረፈበት፣ ቢጠርጉት ይብሳል እንጂ አይለቅም።

የዚያን ቀን አንዲት እናት የእንጨት ሣጥን ታቅፈው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ወራቸው ነበር።

"ባለቤቴ በየዓመቱ አንድ አንድ እያለ ያስቀመጠው ነው" አሉኝ። "ያስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት ልሰጥለት ነው። እንዴት አድርጎ እንደያዘው በወረቀት ይጻፍልኝ፣ ልጄ።"

"አረፍ ይበሉ እማማ።"

አንድ በአንድ እያየሁ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ጭረት የለው፣ ነጥብ የለው። መስታወት በሉት።

ሰባ!

ያኔ ስልኬ ጠራ። በጓንት ስክሪኑ እሺ አይልም። የቀኝ ጓንቴን አውልቄ አነሳሁት። የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ዘጋሁት።

ከዚያ ሳንቲሙን ገለበጥኩት።

በባዶ እጄ።

የትንሿ ጣቴ ጫፍ ፊቱ ላይ አረፈች። ለቅጽበት ነው። በማጉያው ሳየው ግን እያንዳንዷ መስመር ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች።

እማማ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር። አላዩኝም።

"እማማ፣ ይቅርታ፣ አበላሸሁት" ማለት እችል ነበር። ሦስት ቃል።

አላልኩም። ጓንቴን ቀስ ብዬ መልሼ አጠለቅሁ።

"ይሄኛው ተነክቷል" አልኳቸው።

"በማን?"

"እኔ እንጃ... ትንሽ ጣት ነው። የሕፃን ሳይሆን አይቀርም።"

ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ይሄ ልጄ የተወለደችበት ዓመት ሳንቲም ነው" አሉ። ድምፃቸው ወረደ። "ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሣጥኑ ተከፍቶ ቢያገኘው ነክተሻል ብሎ ገረፋት። 'አልነካሁም፣ አልነካሁም' ስትል አመሸች። በዚያው ወር በትኩሳት ሞተችብን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልነካችም እያልኩ ስሟገትላት ኖርኩ..."

ሣጥኑን ዘጉት።

"ለካ እሱ ነበር ልክ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ስልሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። በር ድረስ እንኳ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳንቲሞቹን ፎቶ የሚያነሳልን ባልደረባዬ ጠራኝ። ፍላሽ ነው የምንለው።

"ና እስቲ" አለ በሹክሹክታ። "ጓንት ማድረግ ተውክ እንዴ?"

"ኧረ አድርጌያለሁ!"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

የሌላ ደንበኛ ሳንቲም ነው። መሃሉ ላይ አሻራ አለ። ከኔ ትንሿ ጣት በግማሽ ያንሳል።

"ጠዋት ሳነሳው ንጹሕ ነበር" አለ። "ደግሞ..."

"ደግሞ ምን?"

"ከሽፋኑ ውስጥ ነው።"

ሽፋኑ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የታሸገው ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

ሐሙስ፣ አሁንም በዘጠኝ ሰዓት፣ ከማተሚያው የመጣ እሽግ በመቀስ ከፈትኩ። ሃያ ሳንቲም። ማንም ሰው ነክቶት አያውቅም።

ሃያውም ላይ አሻራ...

ትንንሽ ጣት።

"ሕፃናት ማቆያ ከፈትክ እንዴ?" አለ ፍላሽ። ሊቀልድ ነበር። ግን ከሳንቲሞቹ ራቅ ብሎ ቆመ።

ያን ጊዜ ሰማሁት። ከጠረጴዛው ሥር። ከጉልበቴ አጠገብ።

"አልነካሁም..."

ፍላሽን አየሁት። እሱም ወደ ጠረጴዛው ሥር እያየ ነበር። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም።

የእማማ አድራሻ በሞሉት ቅጽ ላይ ነበር። በእግሬ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ። ገና እጄን ለማንኳኳት ሳነሳ በሩ ተከፈተ።

"ግባ ልጄ" አሉ እማማ። ዓይናቸው አብጧል።

ሳሎኑ ጠባብ፣ ጥርት ያለ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ የፎቶ ፍሬም ተሰቅሏል። ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

"የሷ ነው" አሉኝ። "አዞርኩት። ዋሽታኝ ነበር ብዬ... ተቆጣኋት። የሞተ ልጅ ተቆጣሁ።"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"እማማ... እኔ ነኝ። ጓንቴን አውልቄ ነበር። የኔ ጣት ነው። አፍሬ ዋሸሁዎት።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። በጥፊ ቢሉኝም ባልከፋኝ።

ሄደው ፍሬሙን ወደ እኔ አዞሩት። የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ናት፤ ትስቃለች።

"ለኔ አይደለም የምትነግረው" አሉ።

ወደ ፎቶው ዞርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"አልነካሽም" አልኳት። "የነካሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"



እማማ እስከ በሩ ሸኙኝ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው መንገድ ለቀቁልኝ። ካለፍኩም በኋላ እንደተለጠፉ ቆዩ... የሆነ ነገር እስኪያልፍ።

ከዚያ ዓይናቸው ከወገቤ ዝቅ ብሎ፣ ከቀኝ እጄ አጠገብ ቆመ። ፈገግ አሉ።

"ደረጃው ያዳልጣል" አሉ። "ቀስ እያላችሁ ውረዱ።"

እኔን "አንተ" ነው የሚሉኝ። የመጣሁትም ብቻዬን ነው።

ወደ ጎን አላየሁም። ግድግዳውን ታክኬ፣ የመደገፊያውን ወገን ክፍት ትቼ መውረድ ጀመርኩ። አንድ ደረጃ ወርጄ ቆም... አንድ ደረጃ ወርጄ ቆም...

ትንንሽ እግር እንደሚጠብቅ ሰው።