አረንጓዴ ቴፕ

«እሷ ናት የሠራችው» አለ ወንድሟ፣ በአገጩ ወደ እሷ እየጠቆመ።

ፊውዝ ገና የግቢውን በር ማለፏ ነበር። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቃ ቀረች። ጋራዡ ደጃፍ ላይ የጥርስ ሐኪሙ ሰማያዊ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ በሌላ መኪና ተጎትቶ ነው የመጣው። ሐኪሙ ወገቡን ይዞ ቆሟል። አባቷ ደግሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፣ አሁንም ይጠርጋል። አባቷ እጁን እንዲህ ሲጠርግ አንድ ነገር ሊመጣ ነው ማለት ነው።

«ምኑን ነው የሠራሁት?» አለች።

«ጌጁን ነዋ! የዶክተርን ባትሪ ድምጥማጡን አጠፋሽው» አለ ወንድሟ።

«ለሥልጠና ሳምንት ሙሉ ከከተማ ወጥቼ ነበር» አለ ሐኪሙ ለአባቷ። «ዛሬ እናቴን ለሕክምና ላደርስ ቁልፉን ባዞረው፣ ጭጭ! አሮጊቷን በር ላይ አቁሜ መኪና ስገፋ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየኝ። የሚገርመው እኮ፣ ከመሄዴ በፊት አቁሜው ስወርድ፣ ቁልፉን ነቅዬም የጌጁ መብራት እንደበራ ነበር። እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ይሆናል ብዬ ተውኩት። እኔ ምን አውቄ? የልጅ ሥራ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ቁልፉ ተነቅሎም ይበራል? ፊውዝ ጆሮዋን አላመነችም።

ያ ጌጅ የእሷ ሥራ ነበር። ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የአየር ግፊት በመርፌ የሚያሳይ፣ ከቡና ስኒ አፍ የማይበልጥ ክብ ነገር ነው። ሐኪሙ ጥርስ ሲነቅል ቀስ ይላል አሉ፤ መሪ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው፤ መርፌው ሲወጣ ካላየ እንቅልፍ የለውም። ቀጭኑን የጎማ ቱቦ ከሞተሩ አውጥታ፣ ቆርቆሮው እንዳይቆርጠው ቀዳዳው ላይ ጎማ አልብሳ ወደ ውስጥ ያሳለፈችው እሷ ናት። የመብራቱን ሽቦ ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚመጣበት መስመር ጋር በመበየጃ አያይዛ፣ መገናኛውን በሙቀት የሚኮማተር ጥቁር ቱቦ አልብሳ ዘግታዋለች። ቁልፉን አዞረች፣ በራ። ነቀለች፣ ጠፋ። ደጋግማ ሞክራዋለች። አባቷ ያን ዕለት ያየው መርፌውን ብቻ ነው፤ መብራቱን ልብ አላለም። ግን ደስ ብሎት ነበር።

«መበየጃው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው» ብሏት ነበር። «የዳሽቦርድ ሥራ ሲመጣ አንቺ ነሽ የምትገቢበት።»

መበየጃው ያንቺ ነው! ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠበቀችው!

«አባዬ፣ እኔ ያሰርኩት ቁልፍ ሲነቀል ይጠፋል» አለች አሁን። «ይፈታና ይታይ! አንድ ሰው...»

«ደንበኛ ፊት አትከራከሪኝ!»

«አልተከራከርኩም፤ ይፈታ ነው ያልኩት!»

«ይኸው ቱግ አለች» አለ ወንድሟ ለሐኪሙ ፈገግ ብሎ። «ፊውዝ የምንላት ለዚህ እኮ ነው።»

ሐኪሙ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ መበየጃውን ከጠረጴዛው አነሳ፣ ገመዱን ጠመጠመበት፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። «የሰው ንብረት መጫወቻ አይደለም። አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ቁጭ በይ» አላት። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሮ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፤ ከሰዓት በኋላ ይምጡ፣ ልጄ ያስተካክለዋል» አለ። ልጄ ያለው ወንዱን ነው። እሷማ በአንድ ጊዜ የማንም ልጅ መሆኗ ቀረ።

ወጥ ቤት ስትገባ ወንድሟ ዳቦ እየገመጠ፣ እናቷ ድንች እየላጠች ነበር። ፊውዝ ቦርሳዋን ወረወረችው።

«ነካክተኸዋል!»

«ቀስ በይ፣ አባባ ይሰማል» አለ።

«ይስማ! ሽቦውን ነክተኸዋል ወይስ አልነካህም?»

ዳቦውን ውጦ ትከሻውን ነቀነቀ። «እሺ፣ ነካሁት። አባባ ዕቃ ሊገዛ የወጣ ቀን፣ ዶክተር ገና ሳይወስዳት፣ መኪናዋን ለጀለሶቼ ላሳያቸው ወሰድኳት። አቁመን ስንጫወት መብራቱ ጠፍቶ ደበረን፤ ከባትሪው በቀጥታ ከሚመጣው ሽቦ ጋር ቀጠልኩት። እመልሰዋለሁ ስል አባባ መጣ፣ ከዚያ ረሳሁት። በቃ። አታካብጂ።»

አታካብጂ! የደንበኛ መኪና ሰርቆ ሲንሸራሸር ቀላል ነው፤ ሽቦ ቆርጦ ሲረሳ ቀላል ነው፤ የራሱን ጥፋት ታናሽ እህቱ ላይ ሲደፋ ቀላል ነው። የሚከብደው እሷ አፏን ስትከፍት ብቻ ነው። ፊውዝ እናቷን አየቻት። እናቷ ዓይኗን ከድንቹ አላነሳችም።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«አሁን ነው የነገረኝ» አለች እናቷ በቀስታ። «ጥፋት ነው፣ ተቆጥቼዋለሁ። ግን ተመልከቺ የኔ ልጅ፣ ሰኞ እኮ ወንድምሽ ትልቁ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ሊጀምር ነው። ዋስ የሆነው አባትሽ ነው። የሰው መኪና ይዞ መውጣቱን ከሰማ፣ አባትሽን ታውቂዋለሽ፣ ዋስትናውን ዛሬውኑ ያነሳል። ሆድ ይፍጀው በይው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ ድረስ ታዲያ እኔ ልጥቆር?»

እናቷ ሌላ ድንች አነሳች። መልሱ የመጣው ከወንድሟ ነው፤ እሱ መልስ አጥቶ አያውቅም። «አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ምን ይጎድልብሻል? መበየጃውም ቢሆን፣ ከወር በኋላ አባባ ነገሩን ይረሳዋል።»

አባባ አይረሳውም። ከእንግዲህ አንድ ሽቦ ባሰረች ቁጥር «ያኔ የዶክተርን ባትሪ...» እንደሚባል ፊውዝ ታውቃለች። እንኳን የሰው መኪና፣ የገዛ ቤቷን አምፖል ስትቀይር እንኳ ይጠራጠሯታል። ደሟ ፈላ። ደግሞ የሚያናድደው፣ እንባዋ መጣ። ዋጠችው፤ እሱ ፊትማ አታለቅስም።

«ፊውዝ!» ሲል ተጣራ አባቷ ከውጭ። «ነይ ለወንድምሽ መብራት ያዢለት!»

ይኸው ደግሞ። ስም አጥፍተው ሲያበቁ መብራት ያዢ።

ወንድሟ መሪው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ካቻቪቴውን ጥርሱ ላይ ነክሶ ክዳኑን አወለቀ። አባቷ ከፊት ባትሪውን እየሞላ ነው፤ ኮፈኑ ስለጋረደው አያያቸውም። ፊውዝ በር ላይ ተንበርክካ የእጅ መብራቱን ወደ ውስጥ አበራች።

ወዲያው አየችው። የእሷ መገናኛ እንዳለ ነው፤ ጥቁሩ ቱቦ እንዳበጀችው ተለሳልሶ ቀጥ ብሏል። ከሥሩ ግን በፒንሳ ተቀንጥሷል። የተቆረጠው ሽቦ ወደ ጎን ተስቦ ከሌላ ወፍራም ሽቦ ጋር ተገምዷል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቴፕ፣ ዙሪያውን፣ ሦስቴ፣ ጫፉ ተንጠልጥሎ። በዚህ ጋራዥ አረንጓዴ ቴፕ የሚጠቀም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ያምራል» ብሎ ነው የገዛው። አባቷ ባየው ቁጥር «ይሄ ሽቦ ነው ወይስ የቆሰለ ጣት?» ይለዋል። ጥቅልሉ አሁንም ከጎን ኪሱ ብቅ ብሏል።

«እላዩ ላይ አታብሪ፣ ዝቅ አድርጊው» ሲል አንሾካሾከ ወንድሟ። «ልፍታውና መልሼ ልቀጥለው፤ ያልቃል። ማንም አያውቅም።»

የቴፑን ጫፍ በጥፍሩ ያዘ፣ አንድ ዙር ፈታ።

ማንም አያውቅም ማለት ይህ ነው። ሁለት ዙር ይቀራል፤ ከዚያ ወሬው ብቻ ይቀራል፣ የሱ ወሬ። እናቷ «ሆድ ይፍጀው» ስትላት በጆሮዋ መጣባት። የሰኞው ሥራም ታሰባት፤ ወንድሟ ነው፣ ሥራ እንዲያጣ አትፈልግም። እሱ ግን እሷን በሰው ፊት ሲሸጣት ስለ እሷ አስቦ ነበር?

«አባዬ!» አለች።

«ምንድነው?»

«እጄ ዛለ። እስቲ አንድ ጊዜ መብራቱን ያዝልኝ።»

ወንድሟ ቀና ሊል ሲል ግንባሩ ከመሪው ጋር ተጋጨ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ተይ...» አባቷ መብራት መያዝ የማትችል ልጅ እያለ እያጉረመረመ መጣ። ፊውዝ መብራቱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ ከመንገዱ ዞር አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

አባቷ ጎንበስ አለ። መብራቱ መጀመሪያ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ።

«ይሄ ቴፕ የማነው?» አለ አባቷ።

ወንድሟ የጎን ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

ከዚያ ሁሉም ወጣ። አባቷ እንደተፈራው አልጮኸም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፣ ያም ከጩኸቱ የባሰ ነበር። ጀለሶቹም ተነሱ፣ ሽርሽሩም ተነሳ። እናቷ ቢላዋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሰማች። በመጨረሻ አባቷ፣ «ሰኞ ይዤህ የምሄደው እኔ ራሴ ነኝ፤ ለአለቃህ ይህንን ራስህ ትነግረዋለህ። ከተቀበለህ ተቀበለህ» አለው። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ መበየጃውን አወጣና ወደ ፊውዝ ዘረጋላት።

«በይ እንኪ። አጥፍቻለሁ፣ ሳላይ ፈረድኩ። ሽቦሽንም ራስሽ መልሺው። ዶክተር ሲመጣ ተስተካክሏል ብለን እንሰጠዋለን። የቤት ገመና ለሰው አይወጣም፣ እዚሁ ይለቅ።»

ፊውዝ መበየጃውን አየችው። እጀታው ላይ የአባቷ ጣቶች ያሻሹት ቦታ ያብለጨልጫል። እጇ ሊሄድ ሲል ያዘችው።

«ሽቦውን እመልሳለሁ» አለች። «መበየጃውን ግን ለዚህ ሥራ ብቻ ነው የምዋሰው።»

«ምን ማለት ነው?»

«እሷ ናት የተባልኩት ዶክተሩ ፊት ነው። እሷ አይደለችም የሚባለውም ዶክተሩ ፊት ይሁን። የኔ ነው ብዬ የምይዘው ያኔ ነው።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ለዚህ ይሆናል ሦስቱም ዞረው ያዩዋት። «ኧረ የኔ ልጅ፣ ይቅር ይባላል» አለች እናቷ። ወንድሟ መሬት መሬት ያያል፤ ግንባሩ ላይ እብጠት ወጥቶበታል።

ፊውዝ መሪው ሥር ገባች። አረንጓዴውን ቴፕ ፈትታ ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰች፣ በየደች፣ ጥቁር ቱቦ አልብሳ በሙቀት ዘጋች። ቁልፉን አዞረች፣ በራ። ነቀለች፣ ጠፋ። ወጥታ መበየጃውን ጠረጴዛው መሐል ላይ አስቀመጠችና ዱካ ስባ መኪናው አጠገብ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ወንድሟ አባቷን አየው። አባቷ መበየጃውን አየ፣ ከዚያ ጨርቁን አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ።

ፊውዝ ሄዳ ለዶክተሩ በሩን ከፈተች።