የገበሎዎቹ አሸዋ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው... በእኔ ቤት፣ በእኔ ልጅ ላይ የሆነ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም። ግንቦት 1976 ዓ.ም፣ ወረታ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ወረድ ብሎ በነበረው ቤታችን ጓሮ።

ልጄ ትሁን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ለመንገድ ሥራ ጎንደር ሄዷል። ቤት የቀረነው እኔ፣ ትሁንና የባለቤቴ ወንድም አያልነህ ነን።

አያልነህ...

ስለ እሱ በትዕግሥት ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።

ስድስት ዓመት ቡልጋርያ ተምሮ መጣ። ይዞ የተመለሰው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ባርኔጣና ያደገበትን አገር የመናቅ በሽታ ነው። የባዮሎጂ መምህር ሆነ። ቄስ ባየ ቁጥር ከንፈሩ ይጣመማል። እኔ ልጄን በቀትር ከወንዝና ከአመድ ክምር ሳርቅ፣ "እታለም፣ ቀትር ማለት እኮ ሰዓት ነው" ይለኛል።

እኔም አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነው ተባለ። ሌላው መምህር በቆሎ ያበቅላል፣ ካርታ ይስላል። የእኛ ምሁር ገበሎ ሊያሳድግ ተነሳ። ልጆች በድንጋይ የሚያባርሩትን፣ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ራሱን የሚነቀንቀውን ገበሎ!

"በውጭ አገር ጢማሙን የገበሎ ዓይነት ሳሎን ውስጥ ያሳድጉታል" አለኝ። "ሕዝባችን ከፍርሃት ነጻ ይወጣል።"

በዚያ ዘመን ሕዝቡ የሚፈራው ገበሎን አልነበረም።

ከጣራ ገዳም ቋጥኞች አራት ገበሎ አስይዞ መጣ። ከአሮጌ በር ሳንቃ ሣጥን ሠራ። ፊቱን መስታወት፣ ላዩን ወንፊት ሽቦ አደረገ፤ በጎኑ ምግብ ማስገቢያ ትንሽ በር አወጣለት። የሚሞቁበት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ የሚጠለሉበት ግንድ... የአራት ገበሎ ቤት ከእኔ ቤት ይሻል ነበር።

የቀረው አሸዋ ብቻ ነው።

አገራችን ፎገራ ዋልካ ነው፤ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር። አሸዋ ከፈለጋችሁ ወንዝ መውረድ አለባችሁ። መጀመሪያ ከጉማራ አመጣ፤ ጣለው። "ሻካራ ነው፣ ሆዳቸውን ይቧጭራል።" ቀጥሎ ከሐይቁ ዳር አመጣ። ጨብጦ ሲለቀው ይጓጉላል፤ ጭቃ አለበት። እሱንም ጣለው። "ይህን ከዋጡት አንጀታቸው ይዘጋል።"

የወንድሙ ልጅ በልታ ይሁን ጾሟን ውላ አንድ ቀን ጠይቆ የማያውቅ ሰው፣ ስለ ገበሎ አንጀት እንቅልፍ አጣ።

ቅዳሜ ሁለት ጆንያ በአህያ ጭኖ መጣ። ፊቱ በርቷል።

"አገኘሁ!"

አፈስኩና አየሁት። ነጣ ያለ፣ ልስልስ ያለ... እውነትም ቆንጆ አሸዋ ነው።

"ከየት ነው?"

"ከርብ ወንዝ ዳር። ሦስት ድንጋይ መሃል። ሰውም ከብትም አልረገጠውም። እረኞች ጉልቻ ጥለው ሄደዋል።"

"በስንት ሰዓት?"

ሳቀ። "በስድስት ሰዓት። ደስ አለሽ?"

"አመዱስ?"

"የምን አመድ?"

"ጉልቻ ነው አልከኝ። አመድ ነበረው ወይ?"

አሰበ። "አልነበረውም።"

እጄ ላይ የቀረውን አሸዋ አራገፍኩ።

በእኛ መንደር ርብ ሰው ወስዶ ሬሳውን ካልመለሰ፣ ዘመዶቹ በተወሰደበት ዳር ሦስት ድንጋይ ያቆማሉ። ቄስ መጥቶ እዚያው ፍትሐት ይፈታል። ከዚያ ወዲያ አሸዋው መቃብር ነው። ሰው ያልረገጠው ስለዚህ ነው! ቡልጋርያ ይህን አያስተምሩም።

ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ ርብ የወይዘሮ ገላነሽን ልጅ ማናዬን ወስዷት ነበር። ከይፋግ ገበያ ስትመለስ፣ መሻገሪያው ላይ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አልተገኘችም።

"መልሰው" አልኩት። "ዛሬውኑ።"

"እታለም፣ አሸዋ አሸዋ ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይህን ኋላ ቀር ወሬ ቀበሌ ከሰማው ለባልሽም ደግ አይሆንም።"

ፈራሁ። ወንፊቴን ጠየቀኝ። ሰጠሁት።

እሱን ብቻ መናቅ ይቀለኝ ነበር። ግን ሲነፋ ወንፊቱን በሌላው ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ተባዩ ይሙት ብሎ ደግሞ በበርሜል ክዳን ቆላው። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል አነጠፈው።

በመጀመሪያው ቀን አንዳቸውም አሸዋውን አልረገጡም። አራቱም ሽቦው ላይ ወጥተው ተንጠለጠሉ።

"ይለምዱታል" አለ።

በሁለተኛው ቀን፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ አሸዋው መሃሉ ላይ ረጠበ። መዳፍ የሚያህል ቦታ። ዙሪያው ደረቅ ነው። ዝናብ አልጣለም። ውሃ ያፈሰሰ የለም።

በሦስተኛው ቀን አራቱም ድንጋዩ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። ሲነካከሱ የሰነበቱት ወንዶቹ ጎን ለጎን ናቸው። ሁሉም ወደ እርጥቡ ቦታ ዞረዋል።

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ... ቀስ ብለው... እኩል።

አያልነህ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። "ጠላት ሲያዩ ነው እንዲህ የሚያደርጉት።"

"ጠላቱ የታለ?"

ገጹን ገልጦ መጻፉን ቀጠለ።

ያኔ ነው ትሁንን ያየኋት። ከሣጥኑ ጎን ቁጢጥ ብላለች። ቀኝ እጇ በትንሿ በር ገብቷል። እስከ አንጓዋ አሸዋው ውስጥ ነው።

አንድ ጣት የሚያህል አሸዋ ውስጥ... እስከ አንጓዋ።

"ትሁን! ምን ትሠሪያለሽ?"

"ቀስ በይ፣ እምዬ" አለች በሹክሹክታ። "ይዛኛለች።"

"ማን?"

"እጇ ይበርዳል።"

ወገቧን ይዤ ሳብኳት። ቶሎ አልመጣችም። ስትላቀቅ ጣቶቿ ነጥተው ተጨማደዋል፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት። ግራ እጇ ደረቅ ነው።

"ላብ ነው" አለ አያልነህ። ይህንንም ጻፈው።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ቤት ውስጥ ቆለፍኩባት። በስድስት ሰዓት ከፍቼ ገባሁ። በጓሮው በኩል ካለው ግድግዳ ፊት ቆማ፣ ቀኝ እጇን ዘርግታለች።

"እምዬ..."

"ወዬ።"

"መሻገሪያው በየት ነው? ትላለች።"

እኔ ሁልጊዜ ከክፉው የምነሳ ሰው ነኝ። ልጄ ብታስነጥስ መቃብሯ ይታየኛል። በዚያ ቀን ግን የታየኝ መቃብር አልነበረም። ወንዝ ነው። ክረምቱ ሊገባ ነው። ርብ ሊሞላ ነው። እጇን የያዘቻት መንገድ ትጠይቃለች።

ቀበሌውንም አያልነህንም ተውኳቸው። በነጋታው እሱ ትምህርት ቤት እንደሄደ ሣጥኑን ከፈትኩ። ገበሎዎቹ ዘለው ወጡና ዞር ብለው ሳያዩ ጠፉ። ከሁላችን የተማሩት እነሱ ነበሩ። አሸዋውን መልሼ ጆንያው ውስጥ አፈስኩ፤ የቀረውን በመጥረጊያ እስከ መጨረሻው ጠረግኩ። ትሁንን አዝዬ፣ አህያ ጭኜ ወይዘሮ ገላነሽ ዘንድ ሄድኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ወንዙ ዳር እስክንደርስ ከፊት ከፊቴ ሄዱ።

ከጆንያው አንድ እፍኝ አወጡና በጣታቸው አሹት።

"ነፍታችሁታል" አሉ።

"አዎ።"

አሸተቱት።

"ቆልታችሁታልም።"

አንገቴን ደፋሁ።

በሦስቱ ድንጋዮች መሃል አፈሰሱት። ተንበርክከው በመዳፋቸው አስተካከሉት፤ የልጅ አልጋ እንደሚነጠፍ። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

"ይጎድላል።"

"ጠርጌ ነው ያመጣሁት፣ እትዬ ገላነሽ። በማርያም!"

"እፍኝ ይጎድላል። የልጅ እፍኝ።"

ቀና ብለው ወደ ጀርባዬ አዩ።

"ልጅሽ እጇን ለምን ጨበጠች?"

ትሁንን አወረድኳትና ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታሁ። ባዶ ነው። እርጥብ ነው፤ ግን ባዶ።

"ምንም የለም" አልኩ።

ወይዘሮ ገላነሽ ባዶውን መዳፍ ሁለት ጊዜ ሳሙት። ከዚያ ጣቶቿን መልሰው አጠፉላት።

"ተይ፣ ይዛት ትቆይ" አሉኝ። "ብቻዋን ነበረች።"

"የእኔ ልጅ እኮ ናት!"

"አውቃለሁ" አሉ። "ያቺም የእኔ ናት።"

ተነሥተው ሄዱ።

አያልነህ ገበሎዎቹን ሲያጣ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ። ለበዓሉ የሌላ መምህር በቆሎ ተውሶ አቀረበ። በዓመቱ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ደብተሩን ጥሎት ሄደ። የመጨረሻው ገጽ ላይ "የእርጥበቱ ምንጭ አልታወቀም" ይላል። ከዚያ ሁሉ ትምህርት የወጣች አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይህች ናት።

ትሁን አድጋለች። የሁለት ልጆች እናት ናት። ወንዝ አሻግሬያት አላውቅም። እጇን በሁለቱም እጄ ይዤ ነው ያሳደግኳት፤ ሰው ይስቅብኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ልትጠይቀኝ መጣች። መንገድ ደክሟት ጋደም አለች። ሰዓቱን አየሁ።

ስድስት ሰዓት ነበር።

ቀኝ እጇ ከአልጋው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጣቶቿ ነጥተው ተጨማደዋል። ጨብጣለች... መጨበጥ ብቻ አይደለም። አጭር ሰው ይዞ እንደሚስበው፣ ክንዷ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ተዘረጋ።

ወለሉን አየሁት።

ከአልጋው እስከ ደጃፉ ድረስ አሸዋ ተበትኗል። ነጣ ያለ፣ ልስልስ ያለ...

የተነፋ።